የቆየው መዝገብ የሚከሰው ማንን ነው? የአውስትራሊያ የወንጀል ልብ ወለድና ከጀርባው ያለው እውነት

በአውስትራሊያ የወንጀል ልብ ወለዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ አንዳንዴም ጡረታ ወጥቶ ወደ ሥራ የተመለሰ መርማሪ ነው። በግድያ ምርመራ ክፍል የነበረው ወንበር ለወጣቶች ተሰጥቷል፤ እሱ ከዋናው ቢሮ ራቅ ባለ ክፍል ተቀምጦ እልባት ሳያገኙ የቆዩ የግድያና የጠፉ ሰዎች መዝገቦችን እንዲያገላብጥ ተመድቧል። አለቆቹ ብዙም አይጠብቁበትም፣ ወጣት ባልደረቦቹም ጊዜ ያለፈበት ሰው አድርገው ያዩታል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ድርቅ ውኃውን ባጎደለበት የእርሻ ግድብ ውስጥ የሰጠመ መኪና ብቅ ይላል፣ ወይም ሥራ ባቆመ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አጽም ይገኛል፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ መንደርም መናገር ይጀምራል።

ይህ ዓይነቱ ታሪክ አንባቢ ያገኘው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። አገሪቱ በስፋቷ አህጉር ናት፤ ሕዝቧ ግን በጥቂት የባሕር ዳርቻ ከተሞች የተሰበሰበ ነው። ከከተማ ጥቂት ሰዓት በመኪና የሄደ ሰው ማንም የማያልፍበት ጫካ ወይም ሜዳ ላይ ይደርሳል፣ እዚያ የተጣለ አስከሬንም ለዓመታት ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የኒው ሳውዝ ዌልስ ፖሊስ በ2004 (በዚህ ጽሑፍ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እልባት ያላገኙ ግድያዎችን ብቻ የሚመለከት ክፍል ሲያቋቁም፣ በዚያ በአንዱ ግዛት ብቻ ያልተቋጩት መዝገቦች ቁጥር ከጊዜ በኋላ ከ700 በላይ መሆኑ ተገልጿል። በአገር አቀፍ ደረጃ ለረጅም ጊዜ ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች 2,500 ያህል ሲሆኑ፣ በየግዛቱ የአስከሬን ምርመራ ተቋማት የማን እንደሆነ ያልታወቀ በመቶዎች የሚቆጠር የሰው አጽም ተቀምጧል። የፌዴራሉ ፖሊስ ከ2020 ጀምሮ እነዚህን ሁለት ዝርዝሮች በዲኤንኤ ለማገናኘት የሚሠራ ብሔራዊ ፕሮግራም ይዟል። ደራሲው ጠፍታ ስለቀረች እህት ሲጽፍ፣ እንዲህ ያለ ቤተሰብ በቅርብ የሚያውቅ አንባቢ በየከተማው አለ። በ2010 ደግሞ የአገሪቱ ትልቁ የልብ ወለድ ሽልማት፣ ማይልስ ፍራንክሊን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንጀል ልብ ወለድ ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ዘርፉን እንደ ተራ የጊዜ ማሳለፊያ ማየት አስቸጋሪ ሆኗል።

ዘርፉ እንዲህ ክብር ካገኘ እንደ ቁም ነገር ሊመዘን ይገባዋል። የቆየ መዝገብ በእውኑ ዓለም የሚከፈተው ልብ ወለዱ በሚነግረን መንገድ ነወይ? መልሴ ግማሹ አዎን፣ ግማሹ አይደለም የሚል ነው። ልብ ወለዱ የሚሳሳተው መፍትሔውን ከመርማሪው ብልሃትና ከግል ቁስሉ ሲያፈልቀው ነው፤ በእውነተኞቹ ጉዳዮች ላይ መፍትሔ ያመጣው በአብዛኛው አንድ ያልታወቀ ሠራተኛ ሳይጥለው ያኖረው ዕቃ ነው። እውነቱን የሚነካው ደግሞ የተከፈተው መዝገብ ገዳዩን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን ምርመራ ጭምር ለክስ እንደሚያቆም ሲያሳይ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር የያዙት ሥራዎች ከዘርፉ ሁሉ የተሻሉት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ ሕጉን ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ልብ ወለድ በሁሉም አገር ሕግ ላይ ሊቆም አይችልም። በአውስትራሊያ የግድያ ክስ በጊዜ ርዝመት አይታገድም። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል እንኳ ከ25 ዓመት በኋላ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል፤ ከዚህ ውጭ የሚሆኑት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ለይቶ ያስቀመጣቸው በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ናቸው። እንዲህ ባለ ሕግ ውስጥ ላደገ አንባቢ ከአርባ ዓመት በፊት ለተፈጸመ ግድያ ሽማግሌን ለፍርድ ማቅረብ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ያለው የሕግ ልዩነት በተግባር የታየው በሜልበርን ኮሊንግዉድ ሰፈር በሚገኘው የኢዚ ስትሪት ጉዳይ ላይ ነው። በጥር 1977 ሁለት ወጣት ሴቶች በቤታቸው ውስጥ በስለት ተገደሉ፤ የአንዷ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ልጅ በአልጋው ላይ በሕይወት ተገኘ፤ አስከሬኖቹ የታዩት ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ሜልበርን የምትገኝበት የቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ በጉዳዩ የሚፈልገው ሰው ግሪክ ውስጥ ይኖር ነበር፤ የግሪክ ሕግ ደግሞ የግድያ ክስ በ20 ዓመት ውስጥ እንዲመሠረት ስለሚጠይቅ አሳልፎ ሊሰጠው አልቻለም። መርማሪዎቹ ማድረግ የቻሉት ሰውየው ከዚያች አገር የሚወጣበትን ቀን መጠበቅ ብቻ ነበር፤ በመስከረም 2024 ሮም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ ሜልበርን ተላከ። ስለ ጥፋተኛነቱ ከፍርድ ቤት ቀድሞ መናገር የኔ ድርሻ አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው አንድ ተጠርጣሪን ለማግኘት ከመርማሪ ብልሃት ይልቅ በሁለት አገሮች ሕግ መካከል ያለው ክፍተትና ትዕግሥት ወሳኝ መሆናቸው ነው።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ከምዕራብ አውስትራሊያዋ ከተማ ከፐርዝ የክሌርሞንት ጉዳይ የሚበልጥ አስተማሪ የለም። ከጥር 1996 እስከ መጋቢት 1997 ባሉት ወራት ሦስት ወጣት ሴቶች ከክሌርሞንት የምሽት መዝናኛ አካባቢ እየተነጠቁ ጠፉ፤ የሁለቱ አስከሬን ከከተማው ወጣ ባለ ጫካ ተገኘ፣ የመጀመሪያዋ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ማክሮ የተባለው የፖሊስ ግብረ ኃይል በአገሪቱ ታሪክ ረጅምና ውድ ከሚባሉት ምርመራዎች አንዱን አካሄደ። ጉዳዩን የፈታው ግን በተለያየ መጋዘን፣ በተለያየ መዝገብ ሥር፣ እርስ በርሳቸው ዝምድና እንዳላቸው ማንም ሳያውቅ የተቀመጡ ጥቂት ዕቃዎች ናቸው።

አንደኛው ከሦስተኛዋ ሟች ጥፍር ሥር የተወሰደ ናሙና ነው። ከናሙናዎቹ አንዱ ቁርጥራጭ ብቻ እንጂ ለምርመራ የሚሆን ነገር የለውም ተብሎ ተጽፎበት፣ ሳይከፈት ለዓመታት ቆይቶ ነበር። በ2008 ወደ እንግሊዝ ላቦራቶሪ ተልኮ ከሌላው ጋር አብሮ ሲመረመር የወንድ ዲኤንኤ ተገኘበት፤ ይህም በ1995 በካራካታ መቃብር ስፍራ አንዲት ልጃገረድ ተደፍራ ከተወሰደው ናሙና ጋር አንድ ሆነ። ያ ዕቃ ቀደም ሲል አለመከፈቱ በችሎት ላይ ትልቅ ጥቅም ሰጠ፤ ተከላካዮቹ ናሙናው በላቦራቶሪ ውስጥ ተበክሎ ይሆናል ብለው ሲከራከሩ፣ ማንም ያልነካውን ነገር በምን በኩል እንደተበከለ ማስረዳት አልቻሉም። ሁለተኛው ዕቃ የሐር ኪሞኖ ነው። በ1988 ሀንቲንግዴል በተባለ ሰፈር አንድ ሰው በሌሊት ቤት ገብቶ አንዲት የተኛች ወጣት አጥቅቶ ሲሸሽ ጥሎት የሄደ ልብስ ሲሆን፣ ነፍስ ያልጠፋበት የአንድ ሌሊት ጥቃት ማስረጃ ሆኖ ሳለ 28 ዓመት ሙሉ አልተጣለም። በ2016 መጨረሻ ሲመረመር የተገኘበት ዲኤንኤ ከካራካታውና ከክሌርሞንቱ ጋር ገጠመ። ከዚያ በኋላ በዚያው ሰፈር በዚያው ዘመን የተነሣ የጣት አሻራ ተፈልጎ ሲነጻጸር ብራድሊ ኤድዋርድስ የተባለ የስልክ ኩባንያ ቴክኒሺያን ስም ወጣ። ፖሊስ ሰውየውን ተከታትሎ የጣለውን የለስላሳ ጠርሙስ አነሣ፣ ዲኤንኤው ገጠመ፣ በታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ተያዘ። በ2020 መስከረም ዳኛ ስቲፈን ሆል ያለ ጁሪ (ፍርድ ለመስጠት የተመረጡ ተራ ዜጎች ሳይኖሩ) ከመረመሩት የሰባት ወር ችሎት በኋላ በሁለቱ ግድያዎች ጥፋተኛ አሉት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፣ አመክሮ ለመጠየቅም ቢያንስ 40 ዓመት መታሰር አለበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሚወደው ዓይነት ብልጭታ የት አለ? የለም ማለት ይቻላል። ያለው በ1988 አንድን ኪሞኖ በወረቀት ከረጢት ከትቶ ቁጥር የጻፈበት ሰው፣ ከዚያም መጋዘኑ በተዛወረ ቁጥር ሳይጥለው ያሻገረው ሌላ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ ልብ ወለድ አላጋጠመኝም፤ ቢጻፍ ግን ከማንኛውም ሳይተኛ የሚያድር፣ ትዳሩ የፈረሰ መርማሪ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ይሆን ነበር።

ይኸው ታሪክ ሌላ ገጽ አለው፤ እሱም ይበልጥ ይከብዳል። ኤድዋርድስ በ1990 በሥራ ላይ ሳለ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሠራተኛን ከኋላ ይዞ አጥቅቶ ተፈርዶበት ነበር፤ ቅጣቱ እስራት ሳይሆን በክትትል ሥር መቆየት ብቻ ሆነ፣ ሥራውንም አላጣም። አሻራው በፖሊስ እጅ የገባው በዚያን ጊዜ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሀንቲንግዴል የተነሣው አሻራም በፖሊስ እጅ ነበር። ሁለቱ የተገናኙት በ2016 ነው። በመካከሉ ካራካታ አለ፣ ክሌርሞንት አለ። ግብረ ኃይሉም በነዚያ ዓመታት ፊቱን ያዞረው ወደ ሌላ ሰው ነበር፤ አንድ ብቸኛ የመንግሥት ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ በግልጽ ክትትል ሥር ዋለ፣ ጋዜጠኞች ደጁ ላይ ሰፈሩ፣ አንድም ክስ ሳይቀርብበት የአገር ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ኖረ፤ ፍርዱን ሳያይም ሞተ። መዝገቡ ሲከፈት የወጣው የገዳዩ ማንነት ብቻ አይደለም፤ ያልተነጻጸረው አሻራና በከንቱ የተበላሸው የሰው ሕይወትም አብረው ወጥተዋል።

በዚያችው ከተማ የቆየ መዝገብ መከፈት ንጹሕ ሰውን ከእስር ያወጣበት ጉዳይም አለ። በግንቦት 1994 በፐርዝ ሞስማን ፓርክ የአንድ ጌጣጌጥ ሱቅ ባለቤት የሆነች ሴት በሱቋ ውስጥ በከባድ ነገር ተመትታ ተገደለች። አንድሩ ማላርድ የተባለ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ለረጅም ሰዓታት ተጠየቀ፤ ፖሊሶቹ የእምነት ቃል ብለው ያቀረቡት በአብዛኛው ያልፈረመበት ማስታወሻና ስለ ግድያው በግምት ሲናገር የተቀረጸበት አጭር ቪዲዮ ነበር። በ1995 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ተገደለችበት የተባለው የመፍቻ ብረት የሟቿን ዓይነት ቁስል ማምጣት አለማምጣቱን ለማየት ፖሊስ በአሳማ ጭንቅላት ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር፤ ውጤቱ ከክሱ ጋር አልሄደም፣ ለተከላካይ ጠበቃው ግን አልተነገረም። በኅዳር 2005 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን በሙሉ ድምፅ ሻረ። ከዚያ በኋላ የቆዩ ጉዳዮችን የሚያዩ መርማሪዎች መዝገቡን እንደ አዲስ ሲፈትሹ፣ በሱቁ ማሳያ ሣጥን ላይ ተነሥቶ ባለቤት ሳይገኝለት የቀረው የመዳፍ አሻራ በዚያው በ1994 የሴት ጓደኛውን ገድሎ የታሰረ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ስሙ በይፋ ከወጣ በኋላ በ2006 በእስር ቤት ሞቶ ተገኘ። የግዛቱ የሙስናና የወንጀል ኮሚሽን በ2008 በፖሊስ መኮንኖችና በዐቃቤ ሕጉ ላይ የሥነ ምግባር ጥሰት አገኘ፤ ማላርድ 12 ዓመት ለሚጠጋ እስራት በ2009 3.25 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው።

እዚህ ላይ ልብ ወለዱ እውነቱን እንዴት እንደሚነካ ግልጽ ይሆናል። ጥሩው ደራሲ መርማሪውን ከመዝገቡ ጋር ብቻ አያገናኘውም፤ መዝገቡን ከዘጉት ሰዎች ጋር ያገናኘዋል። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አለቆቹ ናቸው፣ ወይም ጡረታ ወጥተው በባሕር ዳር ከተማ የተከበሩ ሽማግሌዎች ሆነዋል፤ መርማሪው ራሱም ወጣት ሳለ ከነሱ ጋር ሠርቶ፣ ያየውን ሳይናገር አልፎ ሊሆን ይችላል። ታሪኩ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው። ደካማው ደራሲ በአንጻሩ የቀድሞውን ምርመራ ስሕተት የአንድ ጉቦኛ መኮንን ሥራ አድርጎ ያሳልፈዋል። የማላርድን ጉዳይ ያየ ሰው ግን ስሕተቱ የአንድ ክፉ ሰው ሥራ ብቻ አለመሆኑን ይገነዘባል፤ ተጠርጣሪው ቀድሞ ከተወሰነ በኋላ የመጣ ማስረጃ ሁሉ ከውሳኔው ጋር እንዲስማማ የሚገፋ አሠራርም ነበር። ከውሳኔው ጋር የማይስማማው የመዳፍ አሻራ ፋይል ውስጥ ተቀመጠ።

ያልተጻፈለትም ትልቅ ጉዳይ አለ፤ ላቦራቶሪው። በልብ ወለድ ውስጥ ዲኤንኤ እንደ ትንቢት ነው፤ ስልክ ይደወላል፣ ውጤቱ ገጥሟል ይባላል፣ ምዕራፉ ያልቃል። በኩዊንስላንድ የሆነው ግን ይህን እምነት አናግቶታል። በ2013 ማካይ በተባለች ከተማ አንዲት ወጣት ተገድላ ተከሳሹ በነጻ ከተለቀቀ በኋላ፣ አንድ ጋዜጠኛ በፖድካስት የላቦራቶሪውን ውጤቶች በባለሙያ እያስመረመረ ጥያቄ አነሣ። ጥያቄው ወደ መንግሥታዊ አጣሪ ኮሚሽን አደገ፤ በዋልተር ሶፍሮኖፍ የተመራው ኮሚሽን በታኅሣሥ 2022 ባወጣው ሪፖርት፣ የግዛቱ ላቦራቶሪ ከ2018 ጀምሮ የዲኤንኤ መጠናቸው ከተወሰነ ልክ በታች የሆኑ ናሙናዎችን ተጨማሪ ሥራ ሳይሠራባቸው ለምርመራ የማይበቁ ብሎ ሲመልስ እንደነበር አሳየ። ከነዚህ ናሙናዎች ውስጥ በአግባቡ ቢሠራባቸው ውጤት ሊሰጡ የሚችሉ ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች እንደገና መታየት ነበረባቸው። ማስረጃ የለም የሚለው ቃል ሁልጊዜ የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ያሳያል? በአንድ የሥራ ሂደት ሰነድ ላይ በተጻፈ ቁጥር ምክንያት በአንድ ግዛት ሙሉ ተስፋ ያላቸው ጉዳዮች ተስፋ የሌላቸው ሆነው ተመዝግበዋል።

በኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ ችግሩ ከዕቃው ከራሱ ይጀምራል። በዳኛ ጆን ሳካር የተመራው ልዩ አጣሪ ኮሚሽን ከ1970 እስከ 2010 በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ላይ በጥላቻ ተፈጽመዋል ተብለው የተጠረጠሩ ግድያዎችን መርምሮ በታኅሣሥ 2023 ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ በብዙ ጉዳዮች ኤግዚቢቶች መጥፋታቸውን ወይም የት እንዳሉ አለመታወቁን፣ የመዝገብ አያያዙም እጅግ ደካማ እንደነበር ገልጿል። ከነዚህ ዘመናት ግድያዎች በሰፊው የሚታወቀው በታኅሣሥ 1988 በሲድኒ ማንሊ አካባቢ ከገደል ሥር ሞቶ የተገኘው አሜሪካዊ የሒሳብ ተማሪ ጉዳይ ነው። ፖሊስ ራሱን ገደለ ብሎ በፍጥነት ዘጋው። ወንድሙ ለሠላሳ ዓመት ያህል በራሱ ገንዘብና ጉልበት ስለተከራከረ ሦስት ጊዜ የአሟሟት ምርመራ ችሎት ተካሄደ፤ ሦስተኛው በ2017 የጥላቻ ወንጀል መሆኑን አረጋገጠ፣ በ2023ም አንድ ሰው ሰው መግደሉን አምኖ ተፈረደበት። በልብ ወለድ የሟች ቤተሰብ ሻይ አቅርቦ የሚያለቅስ፣ መርማሪውን አምኖ የሚጠብቅ ነው። በእውኑ ዓለም ብዙ ጊዜ መርማሪውን ጎትቶ የሚያመጣው ያ ቤተሰብ ነው።

ጎትቶ ለማምጣት ደግሞ ገንዘብ፣ ትምህርትና የሚሰማ ድምፅ ይጠይቃል። ከ1990 እስከ 1991 ባሉት አምስት ወራት በኒው ሳውዝ ዌልስ ቦራቪል በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ የአቦርጂናል (የአገሪቱ ነባር ሕዝብ) ሰፈር ሦስት ልጆች ጠፉ፤ አንዷ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ቤተሰቦቻቸው መጀመሪያ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ይሆናል የሚል መልስ እንደተሰጣቸው መስክረዋል። አንድ ሰው በሁለቱ ግድያዎች በ1994ና በ2006 በተለያየ ችሎት ተከሶ ሁለቱንም ጊዜ በነጻ ተለቀቀ፤ ሦስቱ ጉዳዮች በአንድነት በአንድ ጁሪ ፊት አንድም ቀን አልታዩም። በ2006 ግዛቱ በነጻ የተለቀቀ ሰው አዲስና አሳማኝ ማስረጃ ሲገኝ እንደገና እንዲከሰስ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ቤተሰቦቹ በዚህ ሕግ ተስፋ አድርገው ታገሉ፤ በ2016 የፖሊስ ኮሚሽነሩ ይቅርታ ጠየቋቸው። በመስከረም 2018 ግን የግዛቱ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ችሎት ጥያቄውን ውድቅ አደረገ፤ የቀረበው ማስረጃ በቀድሞው ችሎት ጊዜ ሊቀርብ ይችል ስለነበር በሕጉ አነጋገር አዲስ አይደለም አለ። የዚህን ውሳኔ ትርጉም ጠጋ ብሎ ላየው ልብ የሚሰብር ነው፤ የመጀመሪያው ምርመራና የመጀመሪያው ክስ ድክመት መዝገቡን ለሁልጊዜው የሚዘጋ ቁልፍ ሆነ ማለት ነው። እልባት ያላገኙ መዝገቦችን የሚያነሡ ልብ ወለዶች በብዛት የሚሽከረከሩት በጠፋች ነጭ ወጣት ሴት ዙሪያ ነው። የአገሪቱ ሴኔት በነሐሴ 2024 ስለ ጠፉና ስለ ተገደሉ የመጀመሪያ ሕዝቦች (የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች) ሴቶችና ሕፃናት ያደረገውን ምርመራ ሪፖርት ካወጣ በኋላ፣ ይህ ምርጫ እንደ ተራ የድርሰት ልማድ ሊታለፍ አይገባም፤ ጸሐፊዎቹም አሳታሚዎቹም ሊጠየቁበት ይገባል።

ብቻውን የሚሠራው መርማሪ ዛሬ ሌላ ተፎካካሪም አለው፤ ፖድካስት። በጥር 1982 ከሲድኒ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ የጠፋች የሁለት ልጆች እናት ጉዳይ ሁለት የአሟሟት መርማሪ ዳኞች በ2001ና በ2003 ባሏ ሊከሰስ ይገባል ብለው አስተያየት ቢሰጡም ዐቃቤ ሕግ አልተቀበለውም። በ2018 የወጣ ፖድካስት በሚሊዮኖች ተደመጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባሏ ክሪስ ዶውሰን ተያዘ፣ በነሐሴ 2022 ጥፋተኛ ተባለ፣ 24 ዓመት ተፈረደበት። ይህ የጋዜጠኝነት ድል ነው፤ ግን ዋጋ ነበረው። ዝግጅቱ ሊሰየም የሚችለውን ጁሪ ሐሳብ ያዛባል በሚል ፍርዱ እስኪያልፍ በአውስትራሊያ እንዳይደመጥ ተነሣ፣ ችሎቱ እንዲዘገይ ተደረገ፣ በመጨረሻም ከሕዝቡ ውስጥ ያልሰማ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበር ጉዳዩን ዳኛ ብቻውን አየው። ክሱ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አድማጭ ለሟቿ ምን ይጠቅማት ነበር? የወንጀል ልብ ወለድ በዚህ ረገድ ከፖድካስቱ የተሻለ ነጻነት አለው፤ በፈጠረው ሰው ላይ የፈለገውን ቢል የማንንም ፍትሐዊ ችሎት አያውክም።

ልብ ወለዱ በእርግጥ የሚበልጥበት አንድ ነገር የሰውን ዝምታ ማሳየት ነው። መርማሪዎች የቆየ መዝገብ ሲያነሡ ተስፋ የሚያደርጉት በላቦራቶሪ ብቻ አይደለም፤ በሰው ልብ መለወጥም ጭምር ነው። በ1985 ለፍቅረኛዋ ስትል በዚያ ሌሊት ቤት ነበር ብላ የመሰከረች ሴት ከተፋታች በኋላ ሌላ ልትናገር ትችላለች፤ ያን ጊዜ የፈራውን ሰው ሞት ሲሰማ አፉን የሚከፍት ጎረቤት አለ፤ በደዌ ተይዞ ሸክሙን ማራገፍ የሚሻም አለ። የሚሊዮን ዶላር ወሮታዎች የሚታወጁት፣ በሳውዝ አውስትራሊያ እስር ቤቶችም የሟቾችና የጠፉ ሰዎች ምስል የታተመባቸው የመጫወቻ ካርታዎች የሚታደሉት በዚህ ስሌት ነው፤ በክፍሉ ጥግ ካርታ የሚጫወት እስረኛ ፊቱን ያወቃት ሴት ምስል በእጁ ቢገባ ምናልባት ይናገራል። እንዲህ ዓይነቱን የታማኝነት መላላት፣ አንዲት ሴት ከ30 ዓመት በኋላ በሯን ለመርማሪ ከፍታ ምን እንደምትል፣ የፖሊስ ሪፖርት ሊጽፈው አይችልም።

ታሪክ እንዴት ይዘጋል የሚለው ላይ ግን ዘርፉ ከእውነቱ ጋር ክፉኛ ይጋጫል። በልብ ወለድ ሁሉም አጽም ስም ያገኛል። በአደሌድ ሶመርተን ባሕር ዳርቻ በታኅሣሥ 1 ቀን 1948 ሞቶ የተገኘው ሰው ስም ለማግኘት 74 ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ፕሮፌሰር ዴሪክ አቦት ፖሊስ ካሠራው የጂፕሰም ቅርጽ ላይ ተጣብቀው ከቀሩ ፀጉሮች በተወሰደ ዲኤንኤ በ2022 ካርል ዌብ የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው ብለው ደመደሙ። የተወለደው በሜልበርን ፉትስክሬይ ነው፤ ዛሬ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረው የሚታዩባት ያቺው ሰፈር ናት። በዚህ መደምደሚያ ስሙ ቢታወቅም ለምን እዚያ እንደሄደና በምን እንደሞተ እስካሁን ማንም በማስረጃ መናገር አልቻለም።

ክሌርሞንት ላይም እንዲሁ ነው። ዳኛ ሆል ኤድዋርድስን በሁለቱ ግድያዎች ጥፋተኛ ባሉበት ቀን በመጀመሪያዋ ወጣት ጉዳይ በነጻ አሰናብተውታል። አስከሬኗ ስላልተገኘ ጥፍር የለም፣ የልብስ ክር የለም፣ ከሌሎቹ ጋር ያለው የአጠፋፍ መመሳሰል ብቻውን ያለ ጥርጣሬ ለማስረዳት አይበቃም አሉ። ሕዝቡ ሌላ ፍርድ ይጠብቅ ነበር፤ ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው ቢያንስ በመጨረሻው ምዕራፍ የእምነት ቃል ያመጣላት ነበር። ዳኛው ግን ለሁለቱ ቤተሰቦች ፍርድ ያስገኘውን የማስረጃ ሚዛን ለሦስተኛው ቤተሰብ ሲሉ ዝቅ ማድረግ አልፈቀዱም፤ የዚህች ወጣት መዝገብም እስከ ዛሬ አልተዘጋም።